የሚናደደው ማን ነው

ሳጋይንግ፣ ጁላይ 2 ቀን 1983

ለልጄ ለማ ዪ ሞን፣

ቡድሃው፣ ትምህርቱና መነኮሳቱ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁኑሽ። የባሕር ንፋስ አይምታሽ፣ የፈረቃ ሥራ አያጉብጥሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ እንዳትስቂ። ሱቄን ዘግቻለሁ። ለዘለዓለም አይደለም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ነው። በማሰሮ ያኮመጠጥኩትን የሻይ ቅጠል ለጎረቤቴ ለዳው ንዌ አደራ ሰጥቼ፣ ቡናማ ሽርጤን ለብሼ፣ ኮረብታው ላይ ካለው የተመስጦ ገዳም ገብቻለሁ።

ምን አስገባሽ ትዪኝ ይሆናል። ልጄን ዊን ኮን ወንዝ ከበላብኝ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ሰሞኑን ግን ባሰብኝ። አንዲት ሴትዮ የሻይ ቅጠሉ መረረኝ ብላ ብትመልስልኝ ሚዛኑን ወረወርኩባት። አልመታኋትም፤ ግን ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዳው ንዌ እጄን ይዛ፣ ጠብሽ ከሴትዮዋ ጋር አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠቤ ከዚያ ከጀልባው ነጂ ጋር ነው። ልጄን ከነሽንኩርት ጆንያው አስጥሞ እሱ ዋኝቶ የወጣው ሰውዬ ፍርዱን ጨርሶ ተፈታ ሲሉ ከሰማሁ ጀምሮ፣ በሐሳቤ ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የሚነጋው።

ትምህርቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። ቁጭ ብለሽ፣ ሆድሽ ሲነፋ መነፋቱን፣ ሲሟሽሽ መሟሸሹን በልብሽ ትከታተያለሽ። ሐሳብ ሲመጣ «ሐሳብ» ትያለሽ፤ ጉልበት ሲጠዘጥዝ «ሕመም» ትያለሽ፤ በቃ። ከቀትር በኋላ ምግብ የለም፤ ወሬም የለም። ምግቡን ቻልኩት።

የገዳሙ አለቃ ሳያዶ አንድ በአንድ እየጠሩ ያነጋግሩናል። ጉልበቴን አመመኝ ብላቸው፣ «የሚያመው ማንን ነው?» አሉኝ።

«እኔን ነዋ፣ ማንን ሊሆን ነው?»

ሳቁና፣ «እንግዲያው ሂጂና ያቺን ‹እኔ› የምትያትን ፈልገሽ አምጪልኝ» አሉኝ።

እየፈለግኩ ነው። ጉልበቱን አግኝቼዋለሁ፣ ሕመሙንም አግኝቼዋለሁ። ባለቤቲቱን ግን ገና ነኝ። እስክትገኝ ድረስ ያንን የሚያቃጥለውን የጉልበት ቅባት ላኪልኝ።

አክስትሽ ሳን ሜ


ፔናንግ፣ ጁላይ 29 ቀን 1983

ለተከበሩ አክስቴ ለዳው ሳን ሜ፣

ከባሕሩ ማዶ ሆኜ ሦስት ጊዜ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሰግጄልዎታለሁ። ጤናዎ ይጽና፣ ጉልበትዎም ይታዘዝልዎት።

አትሳቂ ብለውኝ ነበር፤ አልቻልኩም። እርስዎ ቀኑን ሙሉ አፍዎን ዘግተው! ከእኔ ጋር ለምትሠራው ለሲስተር ሊም ስነግራት፣ ሰው ዝም ለማለት ገዳም ይገባል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አክስቴን ስለማታውቂያት ነው አልኳት።

ቅባቱን በመርከበኛ ልኬያለሁ። የማንበቢያ መነጽርም ጨምሬበታለሁ፤ ደብዳቤዬን እያራቁ ሲያነቡ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ባለቤቴ ደህና ነው፤ እሱም ይሰግድልዎታል።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል፤ ልጠይቅዎት። «እኔ» የሚባል ከሌለ ዊን ኮስ? እናቴ ሞታ ቤትዎ የገባሁ ለት፣ እህል አልበላም ብዬ ሳለቅስ፣ የራሱን ዓሣ ወደ ሳህኔ የገፋልኝ ማን ነበር? ሆድና ትንፋሽ ብቻ ነው? በሥራዬ ሰው ሲሞት አያለሁ። አልጋው ላይ የቀረው ሰውየው እንዳልሆነ ቶሎ ያስታውቃል። የሄደው ማን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጥቻለሁ። እባክዎ ሳያዶን ይጠይቁልኝ።

የእርስዎው ዪ ሞን


ሳጋይንግ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983

ለልጄ ለዪ ሞን፣

ደግ ደጉ ነገር ሁሉ ወደ ደጅሽ ይምጣ። ቅባቱ ደርሶኛል፤ መነጽሩም ልክ ነው።

ብዙ አልጽፍም። ዝናቡ በርትቷል፣ ሰውነቴም ደከም ብሎታል። ለጥቂት ቀን ለመነኮሳቱ ሩዝ ለመስጠት እንኳ አልወጣሁም፤ አሁን ደህና ነኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚህ አንድ መነኩሴ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል አለ። የስኳር በሽታ ነው ይላሉ። ተረከዙ ሥር ተከፍቶ ሽታ ጀምሮታል። ከታች ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ የለውም። የምትችይውን ላኪ፤ እንዴት እንደሚታጠብም ዘርዝረሽ ጻፊልኝ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር ሌላ ጊዜ።

አክስትሽ


ፔናንግ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1983

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ይድረስዎት።

መድኃኒቱን ዛሬውኑ ልኬያለሁ፣ ፋሻም አለበት። መጀመሪያ ውኃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። ጨው ትንሽ ጣል ይደረግበት። የሞተው ሥጋ በረጋ እጅ ይነሳ፤ ሰውየው ባያመው እንኳ ረጋ ይባል፤ በስኳር የተያዘ እግር ማመሙን ስለሚረሳ አያመውም ተብሎ መቸኮል የለም። ጣቶቹ መሃል ይድረቅ። ቁስሉ መሬት እንዳይነካ፣ ባዶ እግር መሄድ ይቅር፤ ሥርዓቱ ካልፈቀደ ሳያዶ ያስፈቅዱላቸው። ለመነኩሴው ፈጥነው ይዳኑ ይበሉልኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። እኛ ክፍል የሚገባ ቁስል የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። የዊን ኮ የሙት ዓመት አልፏል። በየዓመቱ መነኮሳቱን አብልተው ምን ወጥ እንደተሠራ ሳይቀር ይጽፉልኝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ቃል የለም። ደከመኝ ያሉትስ ምንድን ነው? ትኩሳት ነው? አይደብቁኝ።

ዪ ሞን


ፔናንግ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1983

አክስቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ከማንዳላይ የመጣ የመርከብ መካኒክ ትናንት ቤታችን ራት በላ። እህቱ እርስዎ ካሉበት ገዳም ትሠራለች። በጨዋታ መሃል፣ ያ ጀልባ ያስገለበጠው ኡ ቺት ፔ መነኮሰ፣ አሁን ኡ ኬማ ይባላል፣ እግሩ ቆስሎ ከውጭ አገር በመጣ መድኃኒት እየዳነ ነው አለን።

ማንኪያዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ለዊን ኮ ገዳይ በእጄ ፋሻ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ጣቶቹ መሃል ይድረቅ ብዬ ጽፌያለሁ። እርስዎ አውቀው፣ እኔ ሳላውቅ። መነኩሴ ነውና ጠዋት ጠዋት ይሰግዱለታል ማለት ነው። እርስዎ ለእሱ! ፍርድ ቤት ውስጥ ጫማዎን አውልቀው የወረወሩበት ሰው!

«እኔ» የለም የሚባለው ትምህርት ጥቅሙ ይሄ ከሆነ፣ ለገዳዮች የተመቸ ትምህርት ነው። መልስ እፈልጋለሁ።

ዪ ሞን


ሳጋይንግ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1983

ለልጄ፣

ቁጣሽ ሳይጎዳሽ ይለፍ። ተገቢ ቁጣ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ክረምቱ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ተሰልፈን ለመነኮሳቱ ሩዝ እናቀርባለን። በምንኩስናቸው ዕድሜ ተራ ይመጣሉ፤ አዲሶቹ መጨረሻ ናቸው። አንድ ጠዋት ለሁሉም አድርሼ፣ የመጨረሻው የምጽዋት ሳህን ተከፍቶ ሲቀርብልኝ ቀና አልኩ። ራሱን ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ወዲያው አወቅኩት። ጭልፋዬ አየር ላይ ቀረ። ሩዙን ወደ ድስቱ መልሼ ሄድኩ። ሳህኑን እንደከፈተ ቆሞ ቀረ። እኔን አላየኝም፤ ደከመኝ ያልኩሽ ያን ሰሞን ነው።

ሳያዶ ዘንድ ገብቼ ይህን ሰው ያውቁታል ወይ አልኳቸው። ያውቁታል። ከመመንኮሱ በፊት ሁሉን ነግሯቸዋል፤ እኔ እዚህ መኖሬን ግን አያውቅም። እንግዲያው እኔ ልሂድ አልኩ። እሳቸውም፣ «በሩ ክፍት ነው። ከመሄድሽ በፊት ግን አንዴ ቁጭ በይና ንዴቱን እይው። የተናደድሽበትን ሰው ተዪው፣ የምትናደደውንም ተያት። ንዴቱን ብቻ» አሉኝ።

እልህ ይዞኝ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ የእኔ ንዴት አንድ ትልቅ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር፤ ዊን ኮ ከሞተ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ፣ ለአፍታም ያልተነቃነቀ። ስቀመጥ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ደረት ይሞቃል። ከዚያ ጥርስ ይነከሳል። ከዚያ የፍርድ ቤቱ ሥዕል ይመጣል፤ ሥዕሉ ቃል ይጠራል፤ ቃሉ መልሶ ሙቀቱን ይጠራል። በመሃል ደወል ሲደወል ጆሮዬ ወደዚያ ይሄድና ንዴቱ የለም። ጭራሽ የለም! ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ስንት ጊዜ እንደረሳሁት ሳይ አፈርኩ። ከዚያ ፈራሁ። ምን አስፈራሽ አትዪኝም? ይህ ንዴት ከለቀቀኝ ለዊን ኮ ምን ይቀረዋል? እናቱ ነኝ የምለው በምኔ ነው? ሳለቅስ ዋልኩ። እናት የሆንኩት በንዴቴ መስሎኝ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰልፉ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ስሰግድ አንገቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ሩዙንም ከሌሎቹ አሳንሼ ነበር የሰጠሁት፤ አልዋሽሽም። ቀስ በቀስ እኩል ሆነ።

ከዚያ እግሩን አየሁ። በመመላለሻው መንገድ ላይ ሲያነክስ ዝንብ ይከተለዋል። እዚህ ነርስ ዘመድ ያለው ከእኔ በቀር ማንም የለም። ስሙን ብጽፍልሽ መድኃኒቱ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ከዚያም ይልቅ ስሙን በእጄ መጻፍ አቃተኝ። ሳትጠየቂ ሰጪ አድርጌሻለሁ፤ እሱ ላይ አጥፍቻለሁ።

ሴት መነኩሴ አትነካምና፣ እኔ ደጅ ተቀምጬ ደብዳቤሽን ሳነብ ውስጥ የገዳሙ ሽማግሌ አስተናባሪ ያጥብለት ነበር። ድምፄን ሲሰማ ነው ማን እንደሆንኩ ያወቀው። ፍርድ ቤት የጮህኩትን እንዴት ይረሳዋል? አስተናባሪው በኋላ ነገረኝ፤ እግሩ በሽማግሌው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። እኔም አንብቤ ጨርሼ ሄድኩ።

ጥያቄሽን ሳያዶን ጠይቄያለሁ። ለሌላው ሰው ሁሉ የወንዝ ምሳሌ ነው የሚሰጡት፤ ለእኔ ግን የመብራት ነበልባል ሰጡኝ። ወንዙን ስለ ልጄ ብለው እንደተዉልኝ ገባኝ። እንዲህ አሉ፦ «ዓሣውን መግፋቱ ነበረ። መውደዱም ነበረ። አልነበረም ያለ የለም። የሌለው፣ ይዘን የምናስቀረው ባለቤት ነው። ነበልባሉን በእጅሽ ልትይዥው አትችይም፤ ብርሃኑ ግን ፊትሽ ላይ ነበር።» ይህ ላንቺ ይበቃሽ እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ ግማሽ ቀን በቃኝ፣ ከዚያ መልሼ ናፈቅኩት።

ክረምቱ ሊወጣ ነው። እሱም ለክረምቱ ብቻ ነው የመነኮሰው፤ ልብሱን ይመልሳል ይላሉ። ጻፊልኝ።

አክስትሽ ሳን ሜ


ሳጋይንግ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1983

ለልጄ ለዪ ሞን፣

ባለሽበት ሰላም ይዋልልሽ። መልስሽ አልመጣም። አልወቅስሽም። ግን የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ጻፍኩልሽ።

የመብራት በዓል ያለፈ ሰሞን፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ልወርድ ስል ሰውየውን የገዳሙ ቧንቧ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ልብሱን መልሷል። ነጭ ሸሚዝ፣ ባለመስመር ሽርጥ። ፀጉሩ ገና ብቅ ማለቱ ነው።

ያ ሁሉ ተመለሰብኝ፣ ልጄ። ክረምቱን ሙሉ የተቀመጥኩት ሁሉ በአንድ ሸሚዝ ጠፋ። እስካሁን የሰገድኩት ለልብሱ ኖሯል እንጂ ለሰውየው አልነበረም። አሁን ሰውየው ራሱ ቆሟል። ጥርሴ ተነከሰ። ሸሽቼ ልለፈው አሰብኩ። መነኩሴ እያለ ለእኔ መስገድ አይችልም፤ አሁን ግን ይችላል፤ ሊያደርገው እንደሆነ ከአቋቋሙ አወቅኩ። እንዳታደርገው ልለው አፌን ከፈትኩ።

ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እንዲህ ሲጎነበስ የእግሩ ፋሻ ከኋላው መሬት ነካ።

«ተነሥ» አልኩት፣ «ቁስሉ ጭቃ ይነካዋል።»

ከአፌ የወጣው እሱ ነው። እሱም አላመነም፣ እኔም አላመንኩም።

ቧንቧው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስንት ሌሊት በሐሳቤ የጠየቅኩትን ጠየቅኩት፤ ልጄን አይተኸዋል ወይ አልኩት።

«እማማ፣ አየሁት ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «አላየሁትም። መልኩንም አላውቀውም። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሮጠና ተገለበጥን። ከዚያ በኋላ ያየሁት ውኃና እጅ ነው። አንድ እጅ ይዤ ነበር፤ ሾለከኝ። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲያሻው የሴት ይመስለኛል፣ ሲያሻው የሽማግሌ። ከዛሬ በኋላ የእሱም ይመስለኛል።»

ዪ ሞን፣ እኔ በሐሳቤ የምጨቃጨቀው ሰውዬ የዊን ኮን ዓይን እያየ ጥሎት የዋኘ ሰው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አብልቼ አጠጥቼ ያሳደግኩት ሰው። እንዲያ ያለ ሰው የለም። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ነው፤ ከመጠን በላይ ሰው ጭኖ፣ ፈርቶ፣ እጅ ይዞ የለቀቀ ሰው። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ አልሰረዝኩለትም። ይቅር ብዬሃለሁም አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ዱላውን ተደግፎ ቁልቁል ሄደ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ያ የተናገርኩት ነገር ነው። ንዴቱ ሲመጣ እኔ አልጠራሁትም፤ ይህን ክረምቱን ሙሉ አይቼዋለሁ። ተነሥ የሚለው ቃልም እንዲሁ መጣ። ማን ነው ያለው ብዬ ወደ ኋላ ብፈልግ ማንንም አላገኘሁም። ስለዚህ ደግ ሆንኩ ብዬ የምኮራበት የለኝም፤ ክፉ ነኝ ብዬ የማፍርበትም እየቀነሰ ነው። ለሳያዶ ስነግራቸው አልሳቁም። ሻይ ቀድተው ሰጡኝ።

ሱቄን ከፍቻለሁ። እንቅልፍ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል።

ጻፊልኝ፣ ብትሰድቢኝም ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ፔናንግ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ ለዳው ሳን ሜ፣

ሦስት ጊዜ እሰግድልዎታለሁ፤ ባለፈው ሳልሰግድ የጻፍኩትንም ጨምረው ይቁጠሩልኝ።

መልስ ጽፌ ቀደድኩ፣ ደግሜም ጻፍኩና ቀደድኩ። ስለ መድኃኒቱ አሁንም ይቆጨኛል። እኛ ክፍል ገብቶ ቢሆን አጥበው ነበር፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ማን እንደሆነ አይቼ፣ ተናድጄ፣ ከዚያ ማጠብ እፈልግ ነበር። ይህን ከእኔ ወስደውብኛል። ይህን ካልኩ በኋላ ቂም የለኝም።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ልገባ ስል ነው። ሆስፒታል በረንዳ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሲስተር ሊም ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ። እስከዚያ ቀን ወንድም እንደነበረኝ እንኳ አልነገርኳትም፤ አብረን ይህን ሁሉ ጊዜ ሠርተን። ወንድሜ ሞቷል አልኳት። መቼ? አለች። ቆይቷል አልኳት። እንዴት እንደሞተ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱን ለመመለስ ሁልጊዜ የተዘጋጀሁ ነኝ። የጀልባውን፣ የነጂውን፣ የፍርድ ቤቱን፣ ሁሉን በቃሌ ነው የማውቀው።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ።

ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ማፏጨት እንደማይችልና እችላለሁ እያለ ሰፈሩን ሁሉ እንደሚያስጨንቅ ነገርኳት። በአዲስ ዓመት የውኃ በዓል ፖሊስ ላይ ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፍቶ፣ ፖሊሱ ሲያባርረው እርስዎ የሻይ ቅጠል ማሰሮዎቹ መሃል እንደደበቁት ነገርኳት። ለእኔ የትምህርት ቤት ጫማ ሊገዛ ብሎ ዶሮውን እንደሸጠና ጫማው ለሁለቱም እግሬ የግራ እንደሆነ ነገርኳት። ሲስተር ሊም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ታማሚዎቹ ዞረው አዩን። አክስቴ፣ ከሞተ ጀምሮ ስለ ዊን ኮ ያወራሁት ስለ አሟሟቱ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ያ ሰውዬ ታሪኩን ሁሉ ይዞት ነበር። እርስዎ ከጭቃው ላይ አስነሥተው ሲሸኙት፣ ዊን ኮ ገባ።

ያገራችን መነኮሳት እዚህም መቅደስ አላቸው። ከፈረቃ ስወጣ ሄጄ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። ሆዴ ሲነፋ እያየሁ፣ ሲሟሽሽ እያየሁ። አብዛኛውን እተኛለሁ። ስነቃ ንዴት አለ፣ ናፍቆት አለ፣ ዛሬ ደግሞ ሳቅ ነበር።

ስጨርስ እንደ ሥርዓቱ በመቀመጤ ያገኘሁትን በረከት ለሌሎች አካፈልኩ። ለእናቴ አልኩ። ለዊን ኮ አልኩ። ለእርስዎ አልኩ። ከዚያ የሰውየውን ስም ልጠራ ስል ምላሴ እንቢ አለኝ። ጥቂት ጠበቅኩት። አልመጣም፣ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ነገም ከፈረቃ ስወጣ እሄዳለሁ።

የእርስዎው ዪ ሞን